ሁሉም «ጆርጅ» ተባሉ
በአሜሪካ የሌሊት ባቡር የተሳፈረ ነጭ መንገደኛ ትራስ ሲያሻው «ጆርጅ!» ብሎ ይጣራል። የሚመጣው ጥቁር አስተናጋጅ ስሙ ሌላ ቢሆን ማንም ግድ አልነበረውም። ጆርጅ የመኝታ ባቡሮቹ ድርጅት ባለቤት የጆርጅ ፑልማን ስም ነው፤ ባሪያ በጌታው ስም የሚጠራበት ልማድ ከባርነት ነጻነት አዋጁ በኋላም ባቡር ተሳፍሮ ቀጠለ።

ፑልማን የመኝታ ባቡሮቹን ያስፋፋው ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት ሲሆን፣ የቀጠራቸው አስተናጋጆች መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው ከባርነት የወጡ ሰዎች ነበሩ። አልጋ ያነጥፋሉ፣ ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ሌሊቱን ጫማ ይወለውላሉ። በወር እስከ 400 ሰዓት ይሠራሉ፤ የጫማ ቀለሙን ሳይቀር የሚገዙት ከኪሳቸው ነው። ደመወዙ ስለማይበቃ ኑሮ የሚደጎመው በጉርሻ ነበር፤ ጉርሻ ደግሞ ፈገግታ ይጠይቃል፣ የተሳዳቢ ጫማ እየወለወሉም ቢሆን።

በሰፈራቸው ግን የተከበሩ፣ አገር ያዩ ሰዎች ነበሩ። «ቺካጎ ዲፌንደር» የተባለውን የጥቁሮች ጋዜጣ ወደ ደቡብ ያደረሱትም እነሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1925 ሃርለም ውስጥ ማኅበር ሲመሠርቱ የመረጡት መሪ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ የፑልማን ሠራተኛ አልነበረም። ብልህ ምርጫ ነው፤ ኩባንያው ሊያባርረው አይችልም። ከኩባንያው ጋር ውል የተፈረመው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1937 ነው። የወር ሥራውም ወደ 240 ሰዓት ወረደ።

በ1955 ሮዛ ፓርክስ ሞንጎመሪ ከተማ ላይ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም ብላ ስትታሰር በዋስ ካስፈቷት አንዱ የማኅበሩ የአካባቢ መሪ ኢ. ዲ. ኒክሰን ነበር። በማግስቱ ሰባኪዎች ስለ አውቶቡስ አድማ ሲሰበሰቡ ግን አልተገኘም፤ የባቡር ተራው ደርሶ ነበር።