ሕገ መንግሥት፡ አወቃቀሩ እና ዓላማዎቹ

ሕገ መንግሥት የአንድ ሀገር ሕጎች ሁሉ የበላይ ነው። የመንግሥት ሥልጣን ከየት እንደሚመነጭ፣ በማን እንደሚያዝ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ እና ዜጎች ምን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው በ1923 ዓ.ም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ይኸው በ1948 ዓ.ም ተሻሻለ። በ1980 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ታወጀ። አሁን በሥራ ላይ ያለው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሲሆን፣ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም ጀምሮ ጸንቷል።

አወቃቀሩ

ሰነዱ መግቢያ፣ 11 ምዕራፎች እና 106 አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ጠቅላላ ድንጋጌዎችን እና መሠረታዊ መርሆዎችን ይይዛሉ። ሦስተኛው ከአንቀጽ 13 እስከ 44 የሚዘልቅ ሲሆን፣ ሰብዓዊ እና ዴሞክራሲያዊ መብቶችን ይዘረዝራል። ቀጣዮቹ የክልሎችን አደረጃጀት፣ የሥልጣን ክፍፍልን፣ ምክር ቤቶችን፣ ፕሬዚዳንቱን፣ አስፈጻሚውን አካል እና ፍርድ ቤቶችን ይመለከታሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፖሊሲ ዓላማዎችን እና ልዩ ልዩ ድንጋጌዎችን ያካትታሉ።

ዓላማዎቹ

የመጀመሪያው ዓላማ ሥልጣንን መገደብ ነው። በአንቀጽ 9 መሠረት ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር፣ የመንግሥት አካል ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተቃረነ ተፈጻሚነት የለውም።

ሁለተኛው መብትን ማስጠበቅ ነው። ለአብነት በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ግን በዚህ አይታሰብም።

ሦስተኛው ሥልጣንን ማከፋፈል ነው። ለፌዴራል መንግሥቱ ብቻ ወይም ለፌዴራሉ እና ለክልሎች በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው። አዲስ ክልል የሚመሠረትበት መንገድም በአንቀጽ 47 ተቀምጧል። የሲዳማ ክልል በኅዳር 2012 ዓ.ም በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ የተመሠረተው በዚሁ መነሻነት ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊያውጅ ይችላል። ሆኖም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓታት፣ ካልሆነ ደግሞ በ15 ቀናት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል። የጸደቀ አዋጅ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሊያድሰው ይችላል። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 25 ግን በአዋጁ ጊዜም አይገደቡም።

ማን ይተረጉመዋል?

በብዙ ሀገራት ይህ ሥራ የፍርድ ቤት ነው። በኢትዮጵያ ግን ሥልጣኑ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦች እና ሕዝቦች ተወካዮች የተሰባሰቡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዮችን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል። ለጉባኤው ጉዳይ ማቅረብ የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ባለጉዳዩም ይችላል። ይህ አደረጃጀት በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንዶች ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች ቃል ኪዳን በመሆኑ ትርጓሜውም የእነርሱ ሊሆን ይገባል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ፖለቲካዊ አካል በራሱ ጉዳይ ዳኛ እንዳይሆን ይሰጋሉ።

እንዴት ይሻሻላል?

ምዕራፍ ሦስትን እና የማሻሻያ አንቀጾቹን ለመለወጥ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ሊስማሙ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም በየበኩላቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቁት ይገባል። ይህም አንድ ክልል ብቻውን ማሻሻያውን ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው። ለሌሎቹ አንቀጾች የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እና የሁለት ሦስተኛ ክልሎች ስምምነት ይበቃል።

የጠበቀው ሥርዓት ጊዜያዊ አብላጫ የዜጎችን መብት በቀላሉ እንዳይነጥቅ ይከላከላል። በአንጻሩ ለውጥ የሚሹ ወገኖች ሰፊ ስምምነት ሳይፈጥሩ አንድም አንቀጽ መቀየር አይችሉም።