የሰበታ ጥጆች እና ከላም የመጣው ክትባት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «መምህር፣ ይሄ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ትብብር የሚባለው ነገር ለኛ ምን ፈየደ? ደማችንንና አክታችንን ወስደው ወረቀት ይጽፉበታል እንጂ።» ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ይመስለኛል። ሩቅ ሳንሄድ፣ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጣ ብላ ካለችው ከሰበታ ልመልስለት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ የሚታጠብበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደረሰበት። ሥራውን በዓለም ደረጃ ለማስቀበል ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። አንዱ እንቅፋት «ምርመራው በኛ ደረጃ በተሠራ ላቦራቶሪ አልተደረገም» የሚል ነበር። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተሸለሙ። አክሊሉ የመሠረተው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ የሰበታው ታሪክም ከዚሁ ቤት ጋር ይገናኛል።

ሌላው ቤት አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ነው፣ ብዙዎቻችሁ «አህሪ» የምትሉት። በ1970 የኖርዌይና የስዊድን ሕፃናት አድን ድርጅቶች አለርት ግቢ ውስጥ ለሥጋ ደዌ ምርምር አቋቋሙት። ስሙንም ያገኘው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። በ2004 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዞረ። የሥጋ ደዌና የቲቢ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ ተመራማሪዎቹ ወደ ቲቢ መሻገራቸው አይገርምም። ከብት ውስጥ ምን ያስገባቸዋል ካላችሁ ግን ጉዳዩ ወተታችን ነው።

ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዛሬ ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለዋል እንጂ፣ አዲስ አበባን ከበው ወተት ሲያጠጧት የኖሩ አካባቢዎች ናቸው። የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ ማን የማያውቀው አለ? የከተማው ሕዝብ ሲበዛና ወተት ሲወደድ፣ ሰው የሀበሻ ላሙን እየተወ የፈረንጅ ላምና ዲቃላ ማርባት ጀመረ። ወተቷ ብዙ ነው። ነገር ግን ሜዳ ላይ አትውልም፤ ጠባብ በረት ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ትንፋሽ ለትንፋሽ ተገጣጥማ ትውላለች፣ ታድራለች። የአክሊሉ ለማው ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ፕሮፌሰር ጎበና አመኒና ባልደረቦቹ ሆለታ አካባቢ ሲያጠኑ፣ የሀበሻው ከብት የከብት ቲቢን ከሆልስታይኑ በተሻለ እንደሚቋቋም፣ በረት ውስጥ የሚውለው ደግሞ ሜዳ ከሚግጠው ይልቅ እንደሚጠቃ አይተዋል።

ከዚያ በ2009 መስከረም እስከ 2010 የካቲት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ባሉ 88 የወተት እርባታዎች 2,956 ከብቶች ተመረመሩ። ምርመራው ቀላል ይመስላል። የላሚቱ አንገት ሁለት ቦታ ይላጫል፤ በአንዱ ከከብት ቲቢ፣ በሌላው ከወፍ ቲቢ ባክቴሪያ የተዘጋጀ ቱበርኩሊን ይወጋል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳው እብጠት በሚሊሜትር ይለካል። የከብቱ በኩል ከወፉ በልጦ ካበጠ ላሚቱ ተይዛለች ማለት ነው። ውጤቱ? ከከብቶቹ 30 በመቶ፣ ከእርባታዎቹ ደግሞ ከግማሽ በላይ ተይዘው ተገኙ።

ያን ጊዜ ሁላችንም አንድ ነገር ጠርጥረን ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢ፣ በተለይ የአንገት እጢ ቲቢ፣ ከሌላው አገር አንጻር በጣም ይበዛል። ጥሬ ወተት እንጠጣለን፤ እርጎውንም ሳናፈላ ነው የምናረጋው። እንግዲህ በሽታው ከላሞቹ ነው፣ አለቀ! እኔም ክፍል ውስጥ እንደ መላምት ሳነሳው ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ነገር ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር ሆነው ከተለያዩ የአገሪቱ ሆስፒታሎች ከሕመምተኞች የወሰዱትን ባክቴሪያ አንድ በአንድ በዘረመል ሲለዩ፣ ከብዙ መቶዎቹ ናሙናዎች ውስጥ የከብቱ ዓይነት ጥቂት ብቻ ሆነ። ቀሪው ከሞላ ጎደል ሁሉ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው። በ2015 ታተመ። ለእኔ ይሄ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ወረቀት ነው፤ ለፕሮጀክታቸው የሚመቸውን ሳይሆን ያገኙትን ጽፈዋልና። (ወተቱን ግን አፍሉት፣ አደራ። ጥቂት ማለት ዜሮ ማለት አይደለም፤ ደግሞም ወተት ይዞት የሚመጣው ቲቢን ብቻ አይደለም።)

ላሞቹ ግን አሁንም ይታመማሉ፤ ወተታቸው ይቀንሳል፣ ገበሬው ይከስራል። ሀብታሞቹ አገሮች የከብት ቲቢን የቀነሱት እየመረመሩ በማረድ ነው፣ መንግሥት ለባለቤቱ ካሳ እየከፈለ። እስቲ ሰበታ ላይ አራት ላም ይዞ ልጆቹን የሚያስተምር ሰው ዘንድ ሂዱና «ሦስቱ ተይዘዋልና ይታረዱ፣ ካሳ የለም» በሉት።

እዚህ ላይ ነው ክትባት የሚመጣው። ቢሲጂ ራሱ እኮ ከላም የመጣ ነው! ፈረንሳዮቹ ካልሜትና ጌራን የከብት ቲቢ ባክቴሪያን ከ1908 ጀምሮ ለ13 ዓመት 230 ጊዜ እያዛወሩ በማሳደግ አዳክመውት፣ በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። ክንዳችን ላይ ያለችው ጠባሳ የዚያች ላም ትዝታ ናት። ለላሞቹ ግን ሲከለከል ኖረ፤ ምክንያቱም የተከተበ ከብት በቱበርኩሊን ሲመረመር እንደታመመ ሆኖ ሊያብጥ ይችላል፣ የታመመውንና የተከተበውን መለየት ያስቸግራል። በ2019 የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የእንግሊዝ፣ የህንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሁለቱን የሚለይ አዲስ የቆዳ ምርመራ አቀረቡና አንዱ መሰናክል ተነሳ።

አሁን ወደ ሰበታ። በእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ግቢ፣ የአዲስ አበባ፣ የካምብሪጅና የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች አብረው አንድ ሙከራ ሠሩ። የተከተቡና ያልተከተቡ ጥጆችን በተፈጥሮ ከታመሙ ላሞች ጋር አንድ በረት ውስጥ አኖሯቸው። ይሄ አዲስ አይደለም፤ ፕሮፌሰር ጎበናም ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል። አዲሱ ሁለተኛው ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር የቆዩትን ጥጆች ራሳቸውን አስተላላፊ አድርገው ከሌሎች ጤነኛ ጥጆች ጋር ቀላቀሉ። ጥያቄው «የተከተበው ይድናል ወይ?» ብቻ አልነበረም፤ «ተከትቦም ቢታመም፣ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል ወይ?» የሚል ነበር።

ክትባቱ ከብቱን ራሱን የጠበቀው 58 በመቶ ነው። ታሞም ቢሆን የማስተላለፍ አቅሙን የቀነሰው ግን 74 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ (እንደ ሱቅ ሒሳብ አይደመርም፣ የተረፈው ከተረፈው ጋር ይባዛል) 89 በመቶ ይሆናል። በ2024 መጋቢት «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ስም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አበበ ፍሮምሳ ነው። ተማሪዬ ሆይ፣ አክሊሉን «ላቦራቶሪህ አይበቃም» ካሉት ጋር አስተያየው እንግዲህ።

እንዲያም ሆኖ ወረቀት በረት ውስጥ አይገባም። ዋጋውን ማን ይክፈል? አዲሱን ምርመራ ማን ያቅርብ? ከብቶች ከዚህ ከመሐል አገር ወደ መቀሌ፣ ጎንደርና ሐዋሳ እየተሸጡ በሽታውም አብሯቸው እንዳይጓዝ ማን ይቆጣጠር? እዚህ ላይ ካምብሪጅ ሊሠራልን የሚችለው ነገር የለም፤ የራሳችን ግብርና ሚኒስቴርና የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ላም ያላችሁ፣ ላሞቻችሁ ተመርምረው ያውቃሉ? ውጤቱ ከተነገራችሁ በኋላስ ምን አደረጋችሁ? ከታች ጻፉልኝ፣ በተለይ የእንስሳት ሕክምና ያጠናችሁ ልጆቼ።