ወልጋዳው ዘውድ

አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1870ዎቹ። አርተር ወርዚንግተን የሚባል የፊዚክስ ሰው ድቅድቅ ባለ ክፍል ውስጥ ጠብታ ይጠብቃል፤ አንዴ የባዜቃ፣ አንዴ የወተት። ጠብታዋ ስታርፍ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቦግ ይልና ይጠፋል። ዕድሜው ጥቂት ሚሊዮንኛ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ሰውየው ዓይኑ ላይ የቀረው ምስል ሳይጠፋበት ፈጥኖ ይሥላል። ለቀጣይዋ ጠብታ ብልጭታውን ጥቂት ያዘገያል፤ ደግሞ ይሥላል። እንዲህ እያለ ከብዙ ጠብታዎች የአንዲትን ጠብታ ታሪክ ቀጣጠለ።

ምን አየ መሰላችሁ? ጠብታዋ ፈሳሽ ላይ ስትወድቅ ዙሪያው ሽቅብ ይነሣል፣ ጫፉ ጥርስ ያወጣል፣ ከየጥርሱም ደቃቅ ጠብታ ይበጠሳል። ዘውድ ነው! ዘውዱ ሲሰምጥ ደግሞ ከመሐል ቀጥ ያለ ዓምድ ይወረወራል፤ ዛሬም የወርዚንግተን ጄት ይባላል።

ሥዕሎቹ ያምሩ ነበር። ጥርሱ እኩል፣ ክቡ የተስተካከለ። በ1894 ግን ፎቶግራፍ ማንሳት ተሳካለት፤ ዘውዱም ወልጋዳ፣ ጥርሱ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ ወጣ። የድሮ ሥዕሎቹን ቢያገላብጥ ወልጋዶቹ እዚያም አሉ፤ በአጋጣሚ የተበላሹ ናቸው ብሎ ወደ ጎን ትቷቸው ኖሯል። ይህን አልሸሸገም፤ በ1908 ባሳተመው መጽሐፉ በግልጽ ጻፈው። እኔ ከጄቱ ይልቅ የማከብርለት ይህንን ነው።

ውሃና ባዜቃ ግን ገር ፈሳሾች ናቸው። ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊመር፣ የሚዋኝበት ፈሳሽ ጠባዩ ሌላ ነው። ገበሬ ፀረ ተባይ ሲረጭ ብዙዋ ጠብታ ሰም የለበሰ ቅጠል ላይ ተዘርግታ፣ መልሳ ተሰብስባ፣ ነጥራ መሬት ትወርዳለች፤ መድኃኒቱ አፈሩን ይበክላል። በ2000 ፈረንሳይ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሊትር ውሃ ከአንድ ግራም እጅግ ያነሰ ፖሊመር ጨመሩ። ጠብታዋ እንደ ውሃ ተዘረጋች፤ ለመሰብሰብ ግን ዘገየች፣ ሳትነጥርም ቀረች።

ለምን? መጀመሪያ የታሰበው ፈሳሹ ሲለጠጥ በጣም ስለሚወፍር ነው የሚል ነበር። ክርክሩ ግን ዓመታት ቆየ። በ2010 ሌሎች ተመራማሪዎች የሚያበራ ቀለም የተቀባ ዲኤንኤ (እሱም ፖሊመር ነው) ጠብታዋ ውስጥ ከተው፣ ጠርዟ ወደ ኋላ ሲሸሽ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ሰንሰለቶቹ ጠርዙ ጋ ተለጥጠው ታዩ፤ ጠብታዋን የሚያዘገያት የመላ አካሏ መወፈር ሳይሆን እዚያች ቀጭን ጠርዝ ላይ ያለው ጉተታ ነው።