ድብ የሚሻገርበት ድልድይ

በምዕራብ ካናዳ፣ በሮኪ ተራሮች ላይ ያለው ባንፍ የአገሪቱ አንጋፋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የተመሠረተው በ1885 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካናዳን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዘው አውራ ጎዳና በ1962 ሲመረቅ ይህንኑ ፓርክ ለሁለት ሰንጥቆት ነበር። ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ሣር ፍለጋ ወደ ሸለቆው ሲወርድ መኪና ይገጨው ነበር። ሰዉም መንገዱን «ሥጋ አምራቹ» አለው። ቀልዱ መራራ ነው፤ ኤልክ የገጨ ሾፌር እሱም ላይተርፍ ይችላል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ መንገዱ አራት መስመር እንዲሆን ሲሰፋ፣ ግራና ቀኙ 2.4 ሜትር ከፍታ ባለው የሽቦ አጥር ይታጠር፣ ከሥሩም ለአውሬው መሹለኪያ ይበጅለት ጀመር። አጥሩ ብቻውን ቢሆን ፓርኩን ሁለት በረት ያደርገው ነበር። አጥር የሌለው መሹለኪያስ? አውሬው አስፋልቱ ክፍት ሆኖ ሳለ ለምን ብሎ ይገባበታል! እርግጥ አጥሩን ከሥሩ ቆፍሮ የሚሾልክ አልጠፋም፤ ስለዚህ በኋላ የተሠራው አጥር ታችኛው ጫፉ አፈር ውስጥ ተቀበረ።

ብዙ ያነጋገሩት ግን በ1996 እና 97 ለአውሬው ከመንገዱ በላይ የተገነቡት ሁለት ድልድዮች ናቸው። እያንዳንዳቸው 50 ሜትር ይሰፋሉ፤ አናታቸው አፈር ለብሶ ዛፍ ተተክሎበታል። ለድብ ይህን ያህል ገንዘብ? ያሉ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ለተቺዎቹ የተመቹ ነበሩ፤ ግሪዝሊ ድብ ብቅ የሚለው ከስንት አንዴ ነበር። አንቶኒ ክሌቬንገር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ግን መሻገሪያዎቹ ላይ መሬቱን እየደለደሉ ዱካ መቁጠሩን አልተዉም። በኋላ ካሜራ ተተከለ። ጠርጣራው አውሬ መሻገሪያውን እስኪለምድ አምስት ዓመት ሊፈጅበት እንደሚችል የታወቀው በዚህ ትዕግሥት ነው። ምርጫቸውም ተለየ፤ ግሪዝሊ፣ ተኩላና ኤልክ ሰፊና ገላጣውን ሲወዱ፣ ጥቁር ድብና የተራራ አንበሳ ጠባቡን መረጡ። አንድ ዓይነት መሻገሪያ ለሁሉም አይበቃም ማለት ነው።

ዛሬ በፓርኩ 6 ድልድዮችና 38 መሹለኪያዎች አሉ። የመኪናና የአውሬ ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ የኤልክና የአጋዘኑ ብቻ ሲታይ ከ96 በመቶ በላይ።

ተመራማሪዎቹ በእሾሃማ ሽቦ ላይ የቀረ የድብ ፀጉር ለቅመው ዘረመሉን መርምረውም ነበር። በ2014 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከተሻገሩት ድቦች መካከል፣ ወንዱም ሴቱም፣ ግልገል ያፈሩ ተገኝተዋል።