የቮልሷ ፖምፓ

ስለ ቮልስ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስዋገን ነበር። ታሪኩ ሁሌም እንደ ውርደት ይተረካል። እኔ ግን ሰሞኑን ጉለሌ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ውርደቱ የቱ ጋ እንደሆነ ግራ ገባኝ። ያቺ መኪና እኮ በዚያ ዘመን የስንቱ አስተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ኩራት ነበረች!

ነገሩ ወዲህ ነው። የአጎቴ ቮልስ የዘይት መብራቷ አልጠፋ አለ። ሰፈሩ ሁሉ «ሞተሩ አልቋል፣ ሽጧት» ብሎ ፈረደ። ሽማግሌው መካኒክ ግን «ቆዪ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ፖምፓውን እንየው» አሉኝ።

የቮልስ ሞተር ውኃ አያውቅም፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። ዘይቱ ደግሞ 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው። የድሮዎቹ ወንፊት እንጂ ደህና ፊልትሮ ስለሌላቸው ደቃቁ ቆሻሻ ሁሉ በፖምፓው በኩል ያልፋል። ፖምፓው ከፑሌጃው ጀርባ ነው፤ ክዳኑ በአራት ዳዶ ይታሰራል፣ ውስጡ ሁለት ማርሾች ጥርስ ለጥርስ ተነካክሰው ዘይት ይገፋሉ።

ጋሼ ክዳኑን ፈቱና ማርሾቹ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋደሙ። ከሥሩ ስስ የብረት መለኪያ ሰደዱ። ክፍተቱ ከ0.1 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ አልበለጠም። ክዳኑን ሲገለብጡት ግን ማርሾቹ ክብ ክብ አድርገው በልተውታል፤ በጣቴ ስዳስሰው ጎድጉዷል። ዘይቱ በዚያ በኩል እየሾለከ ግፊት ያጣል ማለት ነው። «ብሮንዚን ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ወሬ ነበር» አሉ።

እስቲ ቃላቱን አስተውሉልኝ... ፖምፓ፣ ዳዶ፣ ፑሌጃ፣ ብሮንዚን። መኪናዋ ጀርመን፣ ቋንቋው ጣሊያን! በ1928 የመጣው ወራሪ በ1933 ቢባረርም፣ እዚሁ የቀሩት ጣሊያን መካኒኮች ለልጆቻችን ሙያውን ከነስሙ አስተማሩ። የመጨረሻዋ ቮልስ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ካበቃች በኋላም ቃላቱ ጉለሌ አሉ።

ጋሼ ክዳኑን መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት አሽተው አስተካከሉት፣ ገጠሙት፣ አስነሱ። መብራቱ ጠፋ።

ስለ መስከረም 2 ብጠይቃቸው ያሳሰባቸው ሌላ ነው። «ያቺን ቮልስ በኋላ ማን ያዛት? ዘይቷንስ ማን ቀየረላት?»