ከቤተ ልሔም እስከ ላስታ፦ የገና ቅኝት

በድግስ ከተመዘነ ገና ከፋሲካ በታች ነው፤ በአደባባይ ድምቀትም ጥምቀትን አይደርስበትም። ታቦት አይወጣም፣ አዲስ ልብስም የግድ አይባልም። ሌሊቱን ተቁሞ ተቀድሶ፣ ጧት ዶሮው ተበልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ጎረምሳው ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወጣል፤ በዓሉ በዚያው ያበቃል። የዚህችን አገር የክርስትና ታሪክ ያገላበጠ ሰው ግን ዘውድ ያስጣለ ክርክር፣ ዓለት ያስፈለፈለ ምኞት፣ በርሃብ ዘመን እንኳ ያልታጠፈ ተስፋ በዚህ ቀለል ባለ በዓል ዙሪያ ተሰብስቦ ያገኛል።

ክርስቲያኖች የልደትን ቀን ለብቻው ማክበር የጀመሩት ዘግይተው ነው። የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ዐይን ያረፈው ትንሣኤ ላይ ነበር። በሮም እ.ኤ.አ. በ354 የተዘጋጀ የዘመን መቁጠሪያ ዲሴምበር 25ን የልደት ቀን አድርጎ መዝግቦታል። በምሥራቅ ደግሞ ልደትና ጥምቀት ጃንዋሪ 6 ቀን አንድ ላይ ይታሰቡ ነበር፤ አርመኖች እስከ ዛሬ ከዚያ አልተነቃነቁም። በ380ዎቹ ቅድስት አገርን የተሳለመችው ኤጌርያ የተባለች ተጓዥ፣ ሕዝቡ ሌሊቱን በቤተ ልሔም አድሮ ጎሕ ሲቀድ ወደ ኢየሩሳሌም እንደሚመለስ ጽፋለች። በ386 ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲሰብክ፣ የዲሴምበር 25 በዓል ወደ እነርሱ ከመጣ ዐሥር ዓመት እንኳ እንዳልሞላው ለሕዝቡ ነግሯል። እስክንድርያም ብዙ አልቆየችም። በ432 የኤሜሳው ጳጳስ ጳውሎስ በቅዱስ ቄርሎስ ፊት ስለ ልደት የሰበከው ኪያክ 29 ቀን ነበር። የግብፆች ኪያክ የእኛ ታኅሣሥ ነው።

እንግዲህ እኛ ከዲሴምበር 25 ሸሽተን አናውቅም። በዚያ ዘመን ታኅሣሥ 29 እና ዲሴምበር 25 አንድ ቀን ነበሩ። የተንቀሳቀሰው የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የሮሙ ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ከዘመን መቁጠሪያው ዐሥር ቀን ሲቆርጡ ክፍተቱ ተከፈተ፤ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። በየዓመቱ «ትክክለኛው ልደት የትኛው ነው?» እያሉ ፌስቡክን የሚያጨናንቁ ወገኖች ይህን ቢያውቁ ጉልበታቸውን ለማኅሌቱ ባስቀሩት ነበር። በእኛ አቆጣጠርም ቢሆን ቀኑ አንዳንዴ ፈቀቅ ይላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚብተው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል።

ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ሲገባ የቤተ ልሔሙ ባዚሊካ ራሱ ገና አዲስ ሕንፃ ነበር። ንጉሥ ዒዛና በሳንቲሙ ላይ የነበረውን ጨረቃ አንሥቶ መስቀል ያስቀረጸው በዚያው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። ፍሬምናጦስ፣ የእኛው አባ ሰላማ፣ ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የግዕዝ ወንጌላት ብራና በካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። የበረቱና የእረኞቹ ታሪክ በዚህች ምድር መነበብ ከጀመረ ስንት ዘመን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ዜማውን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ያሬድ ትሰጣለች። የገናን ሌሊት መቋሚያ ተደግፎ፣ ጸናጽል ይዞ የሚያነጋ መርጌታ ሁሉ ድጓውን የሚያዜመው በስድስተኛው መቶ ዓመት ሊቅ ስም ነው።

ላሊበላ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ንጉሥ ላሊበላ የተወለደው ታኅሣሥ 29 ነው ይላል ገድሉ፤ ስለዚህ በላስታ ገና የሁለት ልደት በዓል ነው። ከዓለት የተፈለፈሉት ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩበት ምኞት ሩቅ ለሆነችው ኢየሩሳሌም ምትክ ማቆም እንደነበር ይነገራል፤ ወንዙ ዮርዳኖስ፣ ኮረብታው ደብረ ዘይት የተባሉት ለዚህ ነው። በ1520ዎቹ ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚጽፈውን የሚያምነው ሰው እንዳያጣ ሰግቶ፣ እውነት ስለመሆኑ ምሎ ነው ያለፈው።

ተሳላሚው ከሳምንት በፊት መግባት ይጀምራል። በሶና ቆሎ ቋጥሮ፣ ብዙው በባዶ እግሩ፣ ከዋግ፣ ከየጁ፣ ከጎንደርና ከጎጃም ቀናት ተጉዞ ይደርሳል። የከተማው ወጣቶች ገንዳ ውኃ አቅርበው የእንግዳውን እግር ያጥባሉ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ጧት በቤተ ማርያም ቅጥር «ቤዛ ኩሉ» የሚባለው ሥርዓት ይጀመራል። ነጭ የለበሱ ካህናት ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለቱ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ይሰለፋሉ፤ ሌሎቹ ከሥር በግቢው ይቆማሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። የላዮቹ ሲያዜሙ የታቾቹ ይቀበላሉ፤ ጉልበቱ አብሮ ሸብረክ፣ መቋሚያው አብሮ ከፍ ይላል። ከገደሉ ጠርዝ የቆመ ሰው ወደ ታች ሲያይ ዐይኑ ይዞራል፤ ካህናቱ ግን ያን ጠርዝ እንደ ቤታቸው ደጃፍ ይረግጡታል።

በዚያው ግቢ ውስጥ አረንጓዴ ሣር የለበሰ ጥልቅ ኩሬ አለ። ልጅ ያልወለዱ ሴቶች በገና ሰሞን በገመድ ተይዘው ይጠመቁበታል። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ የላስታ የታኅሣሥ ንጋትም ቀላል አይደለም። ሐኪም ምን እንደሚል ይታወቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ስለ አንድ ሕፃን መወለድ በሚዘመርበት ሰዓት ልጅ የተመኘች ሴት እዚያው አጠገብ ወደ ውኃ መውረዷ ነው፤ ሊቃውንቱ በመጻሕፍት ካተቱት ሁሉ በዓሉን እሷ የበለጠ የገባት ይመስለኛል።

በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይህ በዓል በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መታሰቡ አልበቃቸውም። ወር በገባ በ29 ልደት እንዲታሰብ አዘዙ፤ መጽሐፈ ሚላድ የተባለው ድርሰታቸውም በዚሁ ጉዳይ የተጻፈ ነው። በወሩ 29 በዓለ ወልድ የሚል ሁሉ የእርሳቸውን ትእዛዝ እየፈጸመ ነው።

ከዚያ የጠቡ ዘመን መጣ። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን አወጁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የደረሰው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ካህናቱ ዳግም እንዲሾሙ፣ ጾሙና በዓሉ በሮም አቆጣጠር እንዲሆን አደረገ። ገበሬው የራሱን ገና በሌላ ሰው ቀን አክብር ተባለ ማለት ነው። ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። ከኢየሱሳውያኑ የካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር በተደረገው ክርክር የተነሣው ጥያቄ የራሳችንን ሊቃውንት ለሁለት መቶ ዓመት ከፈላቸው፦ ክርስቶስ ስንት ልደት አለው? ከአብ ያለ እናት፣ ከማርያም ያለ አባት፣ ሁለት ነው በሚለው ሁሉም ይስማማሉ። ታዲያ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለው ቃል ምን ሊሆን ነው? ተዋሕዶዎች ሁለት ልደት ብለው ጸኑ። የጎጃም ቅባቶች ሌላ ፍች ሰጡ። የጸጋ ልጆች ሦስተኛ ልደት ጨመሩ። በአድባር ሰገድ ዳዊት ዘመን፣ በ1700ዎቹ መጀመሪያ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በዚህ ነገር በጎንደር ተገደሉ።

መቋጫው የሆነው በ1870 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የጠሩት ጉባኤ ነው፤ የሸዋው ምኒልክም ነበሩበት። ሁለት ልደት ጸደቀ። ያው ጉባኤ የወሎን ሙስሊሞች በግድ ወደ ክርስትና የማስገባቱን ዘመቻ ማስከተሉም አይዘነጋም፤ በበረት ስለተወለደ ሕፃን ሲከራከሩ ከርመው ጎረቤትን ከሃይማኖቱ ማፈናቀል የሚያኮራ ታሪክ አይደለም።

ሊቃውንቱ በዚህ ሲጠመዱ ገበሬው በዓሉን በራሱ መንገድ ይዞት ነበር። ታኅሣሥ የአውድማ ወር ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ስንዴው በበሬ ይበራያል፣ ገብሱ ጎተራ ገብቷል፤ በደጋው ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ «ምን ይመጣ ይሆን?» ሲል የከረመ ሰው የክረምቱን ውጤት በእጁ አፍሶ የሚያይበት ጊዜ ነው። ምስጋናው ከዚያ ይነሣል። ጾሙም ኅዳር 15 ገብቶ 44 ቀን ያስቆጥራል፦ 40ው የነቢያት፣ አንዱ የዋዜማው ገሃድ፣ ሦስቱ ደግሞ የአብርሃም ሶርያዊ። የሦስቱ ቀን ታሪክ የግብፅ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት በፋጢማውያን ዘመን የሙቀተምን ተራራ በእምነት አንቀሳቅሱ ተብለው የተፈተኑ ክርስቲያኖች ሦስት ቀን ጾሙ፤ ተራራው የተነሣው በፓትርያርኩ በአብርሃም ጸሎት ብቻ ሳይሆን በስምዖን ጫማ ሰፊው እምነት ነው ይላል ትውፊቱ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ እየሰማን ፋቂና ቀጥቃጭ እያልን ባለሙያውን ስንንቅ መኖራችን ይደንቃል።

የንቀቱ አጥር ትንሽ ዝቅ የሚለው በገና ጨዋታ ላይ ነበር። ቆልመም ያለ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተጠቀለለች ሩር፣ ሁለት ወገን፤ ሕጉ ጥቂት፣ የተጫዋቹ ቁጥር ያልተወሰነ። እረኞቹ የልደቱን የምሥራች ሲሰሙ በዱላቸው በደስታ ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት ጋር ይያያዛል። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን በግጥም ቢሸነቁጥ፣ ሩሯም ቅልጥሙን ብታገኘው ቂም አይያዝም። በማግሥቱ ሁሉም ወደ ቦታው እንደሚመለስ እርግጥ ነው።

ጎተራ ባዶ በሆነባቸው ዓመታት ምስጋናው ምን ሆነ? በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት እልቂት ገብቶ በሬ ሲያልቅ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን ሲፈጅ፣ ወሩ ሲደርስ ደወሉ ተደውሏል። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስደተኛ ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀምጠው፣ በፈረንጆቹ ገና በዲሴምበር 25፣ 1937፣ ለአሜሪካ ሕዝብ በሬዲዮ ንግግር አደረጉ። ወደ ስቱዲዮው ሲሄዱ የተሳፈሩባት ታክሲ ተጋጭታ ጉልበታቸው ተጎድቶ ነበር፤ ንግግሩን ግን አልሰረዙትም። ስለ ክርስትና፣ ስለ መንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን ተናገሩ። የራሳቸው ገና ገና 13 ቀን ይቀረው ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ደግሞ ከሦስት ዓመት በላይ።

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት የቢቢሲ ካሜራ ከኮረም ያሳየውን ረሃብ ዓለም አይቶ ደነገጠ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የእንግሊዝን ዘፋኞች ሰብስበው በኅዳር አንድ ዘፈን ቀረጹ፤ በዚያች አገር ታሪክ እስከዚያ ድረስ ከፍተኛውን ሽያጭ ያገኘ ነጠላ ዘፈን ሆነ። ርዕሱ የተረጂዎቹን ነገር በጥያቄ ያቀርበዋል፦ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን? ገንዘቡ ነፍስ አድኗል፤ ውለታው ውለታ ነው። ጥያቄው ግን የተጠየቀው ላሊበላ ስላለችበት ወሎ ነው። ብሪታንያ ወንጌል ሳይደላደልባት ልደትን ሲያከብር የነበረ ሕዝብ መልሱን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ያጣው እህል ነው።

ላሊበላ ራሷ በ2013 ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ተያዘች። ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ፣ መብራቱና ስልኩ ተቋርጦ፣ ቱሪስት የሚያሳድረው ሆቴልና አስጎብኚው ሁሉ ሥራ ፈቶ ወራት አለፉ። ታኅሣሥ 29፣ 2014 ግን፣ የያዛት ጦር ከከተማዋ ከወጣ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው፣ ምእመናን በሺህ እየሆኑ ገቡ፤ ማሜ ጋራም በካህናት ተከበበ።

አሁን በዓሉ ብዙ አገር ደርሷል። በገና ዋዜማ የኢትዮጵያ መነኮሳት ከግሪኮች፣ ከቅብጦችና ከሶርያውያን ጋር ከኢየሩሳሌም ወደ ቤተ ልሔም ይወርዳሉ። በአሜሪካ ቀኑ የሥራ ቀን ሆኖ ያገኘው ምእመን ሌሊቱን ቆሞ አስቀድሶ፣ ነጠላውን መኪና ውስጥ አጥፎ በቀጥታ ፈረቃው ላይ ይገኛል። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት በጆሮ ማዳመጫ ማኅሌቱን እየሰማች ሳህን ታጥባለች። አዲስ አበባ ደግሞ በተቃራኒው የፕላስቲክ ጽድና የጥጥ በረዶ አስመጥታ፣ የማታውቀውን ክረምት በሱቅ መስኮት ትደረድራለች። አልቃወምም፣ ልጆች ይወዱታል፤ ግን ያ ጌጥ የሚደምቀው ጾሙ ሳይፈታ ነው።

አቆጣጠሩም ባለበት አይቆይም። ፈረንጆች በ2100 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ስለሚዘሉ ክፍተቱ 14 ቀን ይሆናል፤ ከ2093 ዓ.ም. ጀምሮ የእኛ ገና ጃንዋሪ 8 ይውላል። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ያሉ የልጅ ልጆቻችን ልጆች አለቃቸውን ፈቃድ ሲጠይቁ ቀኑን በአንድ ማስተካከል ይኖርባቸዋል።