ከወይን ለቀማ እስከ ጨርቅ ነጋዴ፦ የጥንት ሞተር ሳይክሎች ስም ሥርወ ቃል

በአሮጌ ሞተር ሳይክል የጨረታ ማስታወቂያ ላይ ሦስት ቃላት አይጠፉም፤ «ቬተራን»፣ «ቪንቴጅ» እና «ክላሲክ»። ላልለመደው ሰው ሦስቱም «አሮጌ ግን ውድ» የሚሉ ይመስላሉ። ለሰብሳቢ ግን የዋጋ መነሻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዝ የተቋቋመው የቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክበብ በሚከተለው አከፋፈል ከ1915 በፊት የተሠራው ቬተራን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 1930 መጨረሻ ያለው ቪንቴጅ ይባላል። በ1931 የወጣ ሞተር የቱንም ያህል ቢያምር በዚህ ስም አይጠራም። «ክላሲክ» እንዲህ ያለ የታወቀ ድንበር ስለሌለው ገዢ ቃሉን ባየ ቁጥር የምርት ዘመኑን መጠየቅ ይኖርበታል።

«ቬተራን» ከላቲኑ «ቬቱስ» (አሮጌ) ወጥቶ ረጅም ዘመን ያገለገለ የሮማ ወታደር መጠሪያ የነበረ ነው። «ክላሲክ» የመጣው ከሀብት ቆጠራ ነው። ሮማውያን ዜጎቻቸውን እንደየሀብታቸው «ክላሲስ» በሚሉት መደብ ይከፍሉ ነበር፤ «ክላሲኩስ» የአንደኛው መደብ ሰው ነው። በሁለተኛው ምእተ ዓመት አውሉስ ጌሊየስ ቃሉን ከሀብታሞች ወስዶ ለታላላቅ ደራሲዎች አዋለው፤ ከዚያ ወደ ሙዚቃ፣ ወደ መኪና፣ ወደ ሞተርም ተሻገረ።

እኔን የሚማርከኝ «ቪንቴጅ» ነው። መነሻው የላቲኑ «ቪንዴሚያ» ሲሆን «ቪኑም» (ወይን) እና «ዴሜሬ» (መልቀም፣ ማውረድ) ከተባሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ የወይን ለቀማ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ሲገባ የለቀማውን ወቅት፣ ቀጥሎ ወይኑ የተጠመቀበትን ዓመት፣ በመጨረሻም ዓመቱ የሚያስከብረውን ማንኛውንም ዕቃ መጥሪያ ሆነ። ቃሉ ከእኛም ቤት ሩቅ አይደለም። የላቲኑ «ቪኑም»፣ የግሪኩ «ኦይኖስ»፣ የዕብራይስጡ «ያይን» እና የግእዙ «ወይን» የአንድ ጥንታዊ ቃል ዘመዶች ናቸው። ሊቃውንት የሚከራከሩት ማን ከማን ተዋሰ በሚለው ላይ ነው።

በዚህ ላይ «ትራያምፍ»ን ጨምሩበት። የኑረምበርጉ ተወላጅ ዚግፍሪድ ቤትማን እንግሊዝ ገብቶ ብስክሌት መነገድ ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ የሚገባ ስም ፈለገና ይህንን መረጠ። በ1902 የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል በኮቨንትሪ አወጣ። «ትሪዩምፉስ» በሮማ ድል አድርጎ የተመለሰ የጦር አዛዥ ከተማ የሚገባበት ሰልፍ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ ግን «ትሪያምቦስ» የተባለው የግሪክ ቃል ይገኛል፤ ይህም ለወይን አምላክ ለዲዮኒሶስ የሚዘመር መዝሙር ነው። እንግዲህ «ቪንቴጅ ትራያምፍ» የሚል ማስታወቂያ ስናነብ ሁለቱም ቃላት ከወይን ቦታ የመጡ ናቸው።

የሰብሳቢዎች ዓይን ይበልጥ የሚያርፈው በ«ብራፍ ሱፒሪየር» ላይ ነው። የኖቲንግሃሙ ጆርጅ ብራፍ አባትም ሞተር ሳይክል ሠሪ ነበሩ፤ ምርታቸው «ብራፍ» ይባላል። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1919 ለብቻው ሲወጣ በቤተሰቡ ስም ላይ «ሱፒሪየር» ጨመረበት፤ ከላቲኑ «ሱፔሩስ» (የላይኛው) የመጣ ማበላለጫ ነው። አባትየው «እንግዲያው የእኔ የበታች ሆነ ማለት ነው» አሉ ይባላል። እስከ 1940 ድረስ የተሠሩት 3,000 ገደማ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮርንዎል ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት መጋዘን ውስጥ ዝጎ የኖረ አንድ ባለአራት ሲሊንደር ብራፍ 331,900 ፓውንድ ተሸጧል። ዝገቱ እንኳ አልተጠረገም ነበር።

«የዐረቢያው ሎሬንስ» እየተባለ የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎሬንስ ከእነዚህ ሰባቱን በየተራ ነድቷል፤ ስምንተኛውንም አዝዞ ነበር። ሞተሩን «ቦአኔርጌስ» ይለው ነበር። ይህን ስም የእኛ አንባቢ ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታ ለዘብዴዎስ ልጆች ለያዕቆብና ለዮሐንስ ያወጣላቸው ስም ነው፣ የነጎድጓድ ልጆች ማለት። ዮሐንስ በቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ ወልደ ነጎድጓድ ይባላል። የብራፍን ሁለት ሲሊንደር ሲነሣ የሰማ ሰው ስሙ ያለ ቦታው አልገባም ይላል። ሎሬንስ በግንቦት 1935 በዚሁ ሞተር ላይ ወድቆ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ህዩ ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ጀመሩ፤ የዛሬው ሄልሜት ለእርሳቸው ጥናት ብዙ ባለ ዕዳ ነው።

እንግዳ የሆኑት ሞተሮች ብዙ ጊዜ ስማቸውም እንግዳ ነው። በ1920ዎቹ ሙኒክ የተሠራው «ሜጎላ» አምስት ሲሊንደሩን የፊት ጎማው ውስጥ ይዞ ይሽከረከራል፤ ስሙ ማይክስነር፣ ጎከርል እና ላንድግራፍ ከተባሉት ሠሪዎቹ ስም መነሻ የተቀጣጠለ ነው። «ያዋ»ም እንዲሁ ያኔቼክ ከተባለው የቼክ ፋብሪካ ባለቤትና ቫንደረር ከተባለው የጀርመን ሞተር የተገጠመ ነው። «ላምብሬታ» ሚላኖ ዳር ካለው ከላምብራቴ ሰፈር ተወለደ፤ ሰፈሩ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከላምብሮ ወንዝ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ሞተር ለመግዛት ጋራዥ የገባ ሰው የሚነጋገረው በግማሽ ጣልያንኛ ነው። ሞተሩ አልነሣ ሲል ካንዴላው ይፈታል፤ ጫፉ ጠቁሮ እንደሆነ ይታያል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፣ ይመለሳል። «ካንዴላ» ሻማ ማለት ነው። ፍሪሲዮን መፋተግ፣ ማርሽ ከ«ማርቻ» (ጉዞ) የመጣ ነው። የወረቀቱም ቋንቋ ያው ነው፤ «ሊብሬ» ከ«ሊብሬቶ» (ትንሽ መጽሐፍ)፣ «ቦሎ» ከ«ቦሎ» (ማኅተም)፣ «ታርጋ» ደግሞ ጋሻ ከሚለው። ሻጭ «ኦሪጅናል ነው» ሲል ጠንቃቃ ገዢ መጀመሪያ በሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ያስተያያል፤ ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ገንዘቡን ኪሱ ይመልሳል።

ከጣልያን ስሞች ሁሉ በብዛት የተዋለደው «ቬስፓ» ነው። ኮራዲኖ ዳስካንዮ ለፒያጆ ኩባንያ የነደፈውን ናሙና ኤንሪኮ ፒያጆ ሲያየው፣ ወገቡ ቀጭን፣ ኋላው ሰፊ፣ ድምፁም የሚጢዝ ነበርና «ተርብ ይመስላል» አለ ይባላል። «ቬስፓ» ተርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ገበያ ላይ ዋለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኩባንያው የቬስፓን አፍንጫ ከባለሁለት ጎማ የጭነት መጫኛ ጋር አጋጥሞ ባለሦስት እግር አወጣና «አፔ» አለው፤ ንብ ማለት ነው። ተርቧ ትበራለች፣ ንቧ ትሠራለች።

ያች ንብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፒያጆ ፈቃድ ሕንድ ገባች። ፈቃዱን የያዘው ድርጅት የባጃጅ ቤተሰብ ነው። «ባጃጅ» የጥንት የንግድ ቤተሰቦች መጠሪያ ሲሆን ሕንድኛው ከዐረብኛው «በዛዝ» የወሰደው ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ማለት ነው። ከዚያ ነው ሰማያዊዋ ባለሦስት ጎማ ከነስሟ ወደ እኛ የመጣችው፤ ዛሬ ሠሪው ሌላ ኩባንያ ቢሆንም «ባጃጅ» እንላታለን። ሚላኖና ሮም ውስጥ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያዎቹን አፔዎች በክብር ሲያድሱ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ላይ የልጅ ልጆቻቸው ከማለዳ ጀምሮ ሰው ያመላልሳሉ። የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ባጃጅ»ን ሲያስገቡ «ባለሦስት ጎማ የሕዝብ ማመላለሻ» ብለው እንዳያልፉት እመኛለሁ፤ ጣልያናዊቷ ንብና ዐረቡ ጨርቅ ነጋዴም በዚያው መስመር ይግቡ።